የቅቤ ነጋዴዋና የሕፃናት ሚዛን

ወይዘሮ ሃጂራ በኮልፌ ገበያ ቅቤ ሲሸጡ የኖሩ፣ የሰው ሚዛን ከማመን ወንፊት ውሃ ይይዛል ብሎ ማመን የሚቀላቸው ሴት ነበሩ። አንድ ማለዳ ወደ ገበያ ሲወጡ፣ ከጤና ጣቢያው የመጣችው ነርስ ገበያነሽ ደጃፋቸው ላይ ገጠመቻቸው።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ? የልጅዎ ሚስት ራህማ በሰላም መገላገሏን ሰምቼ መጣሁ።»

«ማን ነገረሽ?» አሉ፣ በሩን በጀርባቸው ከልለው።

«ጎረቤት ነው። መንግሥት ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና ሲል ምርመራውን በነፃ አድርጎታል። ሕፃኑን አምጥታ ታስመዝነው።»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ሃጂራ ደማቸው ፈላ።

«ስሚ ልጄ፣ መንግሥት የመዘነውን ሳይቀርጥ ለቆ አያውቅም! ኬላ ላይ ቅቤዬን መዘነ፣ ቀረጠ። የጎረቤቴን ቡና መዘነ፣ ቀረጠ። ዛሬ ደግሞ የልጅ ልጄን መዝኖ ምን ሊወስድ ነው?»

በዚህ የሚስቅ ሰው ቢኖር፣ ኬላ ደጅ ቆሞ የማያውቅ ነው። ገበያነሽም አልሳቀችም።

«እማማ፣ እርስዎስ ቅቤ ሲሸጡ ለምን ይመዝናሉ?»

«ዓይን ስለሚያታልል ነዋ!»

«ታዲያ የሕፃኑን ነገር ለዓይን ለምን ይተዉታል?»

ከውስጥ ሕፃኑ ሰይፈዲን በቀጭኑ አለቀሰ። አምና የቀበሯት እህቱም እንዲሁ ነበር የምታለቅሰው። ወይዘሮ ሃጂራ ከበሩ ገለል አሉ።

«እሺ፣ እንመጣለን። ግን የራሴን የኪሎ ብረት ይዤ ነው!»

እንዳሉትም አደረጉ። ጤና ጣቢያው ደርሰው ብረቱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሚዛኑ ላይ አኖሩት፤ ጠቋሚው አንድ ኪሎ ላይ ቆመ። ቅር እያላቸው «ልክ ነው» አሉ። ሰይፈዲንም ተመዘነ።

በሳምንቱ ሲመለሱ ጠቋሚው ወደ ኋላ ቀረ።

«አበላሽታችሁታል!» ብለው ብረታቸውን ደግመው ጣሉበት። አንድ ኪሎ፤ ንቅንቅ የለም። «ልጁ ቀንሷል» ያሉት ራሳቸው ነበሩ።

«ምን ትሰጡታላችሁ?» አለች ገበያነሽ። ራህማ አማቷን አየት አድርጋ አቀረቀረች።

«የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት፣ እንገሩን፣ አስጥዬአታለሁ፤ ሆድ ያማል ብዬ» አሉ ወይዘሮ ሃጂራ። «በየጧቱ ቅቤ አስውጠዋለሁ፤ ከዚያ የአብሽ ውሃ። ወላሂ፣ ለገበያ የማላወጣው ለጋ ቅቤ ነው!»

«ቅቤው ጥሩ ነው፣ እማማ፤ ለራህማ ይሁን። የጨቅላ አንጀት ከእናት ጡት ሌላ አይችልም። ውሃውና ቅቤው ሆዱን ይሞሉና ጡቱን ያስተዉታል፤ በሽታም ይዘው ይገባሉ። የሚጣለው እንገርም የልጁ የመጀመሪያ መድኃኒት ነበር።»

ወይዘሮ ሃጂራ አልተከራከሩም። ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ የገዛ ብረታቸው ግን መስክሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤው በራህማ ገንፎ ላይ ዋለ፣ ሰይፈዲንም ጡቱን ብቻ ጠገበ። በተከታዩ ምዘና ጠቋሚው ከፍ ሲል «አልሃምዱሊላህ!» ብለው ጮኹ፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞረ።

ልጇን የምታስመዝን እናት በሽታን ገና ከደጅ ሳለ ታየዋለች፤ ጡቷን ብቻ የምታጠባም በሩን ትዘጋበታለች። ይህን ለኮልፌ ሴቶች ከነርሷ ይልቅ ያስተማሩት ቅቤ ነጋዴዋ ናቸው። የምታመነታ እናት ሲያዩ ብረታቸውን ያስጨብጧታል፦ «መጀመሪያ ይህን መዝኚ፣ ቀጥሎ ልጅሽን።»

አንድ ቀን ጎረቤታቸው «ለመሆኑ ከሰይፈዲን ስንት ቀረጡብዎ?» ስትል ቀለደችባቸው።

ወይዘሮ ሃጂራ አልሳቁም።

«ከዚህ ምንም አልተወሰደብኝም» አሉ። «እኔ አምና ልጅ የተወሰደብኝ ሳላስመዝን ነው።»