የሙሉጌጥ ስም ሲጠራ

የሀዋሳ ሐይቅ ጭጋግ ተከናንቦ ገና በእንቅልፍ ልቡ ሳለ፣ አንድ እሑድ ማለዳ አቶ አሰፋ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ውሃው ዳር ካለ አግዳሚ ላይ ዐረፍ አሉ። ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የጽዳት ሠራተኞች ኃላፊ ከሆኑ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ ሥራ ቦታ ግን ፊታቸው አይፈታም። ኪሳቸው ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ። ነገ ከፈረሙበት፣ ሙሉጌጥ የምትባለው የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ከዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ ትሰናበታለች። ሌሊቱን ሲገላበጡ ያደሩትም በዚሁ ነው።

ጭጋጉ ጀልባዎቹን አንዴ ሲሸፍን አንዴ ሲገልጥ እያዩ ዓይናቸው ሊከደን ሲል፣ “ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?” የሚል ድምፅ ሰሙ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አጥር የሚጋሯቸው የጎረቤታቸው ልጅ ሃይማኖት ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ታስተምራለች።

“እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ነይ ተቀመጪ።”

“ምነው? ከፍቶዎታል መሰለኝ።”

“ምን እባክሽ! ሙሉጌጥ የምትባል እሳት የላሰች ሠራተኛ ነበረችኝ። ክፍሎቿን ሁሉ ከአምስት ሰዓት በፊት ትጨርስ ነበር። ዛሬ ዛሬ እንደ ኤሊ እየተንቀረፈፈች ዘጠኝ ሰዓት ይሆንባታል። መከርኳት፣ ተቆጣኋት፣ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩባት። ወይ ፍንክች! ነገ የስንብት ደብዳቤዋን ልፈርም ነው።”

“ያኔ በአምስት ሰዓት ስትጨርስ ምን ያደርጉ ነበር?”

“ምን አደርጋለሁ? ተጨማሪ ክፍል እሰጣታለሁ። ትችል የለም እንዴ!”

“የማንን ክፍል?”

“የእነዚያን የዘገምተኞቹን።”

“እነሱስ?”

አቶ አሰፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እነሱማ... ሥራቸው ስለሚቀልላቸው ያርፋሉ።”

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይስቅ ነበር፤ ሃይማኖት ግን ጨዋ ልጅ ናት። ዓሣ የሚጸዳበት ቦታ ተሰልፈው ወደቆሙት፣ አባ ኮዳ ወደሚባሉት ትልልቅ አሞሮች ጠቆመች። “እነዚያን አሞሮች ይዩልኝ። ማንም ሳይጠራቸው በየማለዳው የሚመጡት የዓሣው አንጀት እዚያ ስለሚጣል ነው።”

“ሰው አሞራ ነው ልትይኝ ነው? ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው!”

“ኧረ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ! ሰውማ ከዚያ በላይ ነው። ነገር ግን ሰውም ከሥራው በኋላ የሚያገኘውን ያያል። ሙሉጌጥ ስትፈጥን ሸክም ተጨመረባት፣ ሌሎቹ ሲዘገዩ ዕረፍት አገኙ። መዘግየትን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፤ ሳያውቁት።”

አቶ አሰፋ ተቆጥተው ብድግ አሉ። “ሠራተኛ ከተመሰገነ ይባልጋል! እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው።”

“እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ስሟን ጠርተው ቢሮ የሚያስገቧት መቼ መቼ ነው?”

ከጭጋጉ ውስጥ የገዛ ድምፃቸው “ሙሉጌጥ!” ሲል የተሰማቸው መሰላቸው፤ አንዲት ሴትም ባልዲዋን እንደያዘች ረጅም ኮሪደር ላይ ድርቅ ስትል ታየቻቸው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያን ስም ለበጎ የጠሩበትን አንድ ቀን ፈለጉ፤ አጡ። ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ክፍሏን በደንብ የጨረሰች ቤቷ ትሂድ። መጽዳቱን እርስዎ ገብተው ይዩ፤ ጥሩ ሆኖ ካገኙትም ምኑ ጥሩ እንደሆነ እዚያው ይንገሯት። ያጠፋችውንም ይንገሯት፣ ስሟ ግን ለጥፋት ብቻ አይጠራ። የሚጨርሱበትን ሰዓት በየቀኑ ይመዝግቡና ለአንድ ወር ይሞክሩት። ደብዳቤው እንደሆነ የትም አይሄድ።”

አቶ አሰፋ ሰኞ ደብዳቤውን አልፈረሙም። አዲሱን ደንብ ሲናገሩ ማንም አላመናቸውም። ረቡዕ ግን ሙሉጌጥ በስድስት ሰዓት ጨረሰች። ክፍሉን ገብተው አዩና ጠሯት፤ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

“ይኸን መስኮት እንዴት አድርገሽ ነው ያጸዳሽው! ሐይቁ እኮ ክፍል ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። እናመሰግናለን።”

ንቅንቅ አላለችም።

“ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ?”

“‘ግን’ እስኪሉኝ ነው፣ ጋሼ።”

“ግን የለውም። ቤትሽ ሂጂ።”

ወሩ ሲያልቅ የአቶ አሰፋ መዝገብ ራሱ መሰከረ። ሙሉጌጥ በአምስት ሰዓት ወደ መጨረሷ ተመለሰች። ዘገምተኞቹም በጊዜ ቤት መግባት አማራቸውና እጃቸው ፈጠነ። እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ክፍል መጠበቁ ቀረ፣ ሲጮህ የሚውለው የአቶ አሰፋ ጉሮሮም ዐረፈ። ደብዳቤውን አራት ቦታ ቀደዱት። ይህ ሁሉ የመጣው ማንም ሳይባረርና ማንም ሳይሰደብ ነው፤ ሠራተኛ የሚያዝ ሁሉ ይህን ልብ ይበል።

አንድ ቀን ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ “ጋሽ አሰፋ!” የሚል ድምፅ ጠራቸው። ደንግጠው ዞሩ። ሙሉጌጥ ናት።

“ምነው? ምን ተበላሸ?”

“ምንም። የዕቃ ቤቱን በር ስላስጠገኑልን እናመሰግናለን ለማለት ነው።”

ይህን ብላ ነጠላዋን ደርባ ወደ ቤቷ ሄደች። አቶ አሰፋ ግን “ግን” የሚለውን እየጠበቁ እዚያው ቆመው ቀሩ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እሳቸውንም ለበጎ የጠራቸው ሰው አልነበረም።