የጋሽ ላንቃሞ ራዲዮ

በደርግ ጊዜ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ ሊቢያ ሄዶ ሁለቱን ጨዋታ ተሸንፏል። ሦስተኛውን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ የዓሣ አጥማጁን የጎረቤቴን የጋሽ ላንቃሞን ራዲዮ ከበን እንሰማለን። ዜሮ ለዜሮ ነን። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ፤ ባትሪው አለቀ!

ዘልዬ ተነሣሁ። "ጋሽዬ፣ ባትሪውን ይስጡኝ፤ ፀሐይ ላይ ላሙቀው፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል!"

ራዲዮውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡት። "አርፈህ ተቀመጥ! አሁን እኩል ነን። ይኼ ካልተናገረ ማን ያገባብናል?"

በንዴት ጨስኩ። በማግስቱ ግን ዜሮ ለዜሮ መውጣታችን ተሰማ። ቡድኑ ከምድቡ ቢሰናበትም ጋሽ ላንቃሞ ደረታቸውን ነፍተው፣ "በረኛው እኔ ነበርኩ!" አሉ።

ዛሬ በትልቅ ቴሌቪዥን ስንሸነፍ ባየሁ ቁጥር ያ በረኛ ይናፍቀኛል።