በጎን የተነከሰው ዳቦ

ጋጋሪው ኑርሙሮድ አባባ በማርጊላን ከተማ ገበያ አርባ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ምርቃት ሲጨምሩ ኖረዋል። ደንበኛ ምክር ሲመርቅላቸው ግን ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

መካሪዋ የጎረቤታቸው ልጅ፣ የጥርስ ሐኪሟ ሳኖባር ናት። ሁለት ዳቦ ልትገዛ ጎራ ብላ፣ የልጅ ልጃቸው ሆሲያት ትኩሱን ዳቦ በጎን ጥርሷ ስትታገለው አየች። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ የታችኛው መንጋጋዋ ከላይኛው ቀድሞ ወጥቷል።

«አባባ፣ ይህቺ ልጅ ሳይረፍድ መታከም አለባት።»

«ከምኗ?» አሉ ሽማግሌው የራሳቸውን አገጭ ቀስረው። ያ አገጭ ከባለቤቱ ቀድሞ ሰው ቤት የሚገባ ነበር። «ይሄ እኮ የዘራችን ምልክት ነው! አባቴም፣ ልጄ ኤርጋሽም እንዲሁ። ደግሞ ጥርሷ ሁሉ በቅሎ ይለቅና ይታያል።»

«ያኔ አጥንቱ ጠንክሮ ይጠብቀናል። አሁን ግን ላንቃዋ ላይ መሣሪያ እንገጥማለን፤ ከምሽት እስከ ጠዋት ፊቷ ላይ በምታጠልቀው ማሰሪያ የላይኛው መንጋጋዋ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይሳባል።»

«ልጓም ነው በይኛ! ልጄን ፈረስ ልታደርጊያት! ማን ያገባታል?»

«ትምህርት ቤት አታጠልቀውም። ለመሆኑ በዘጠኝ ዓመቷ ባል ከየት አመጡባት?»

ሆሲያት አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። አባባ ያንን እጅ ስንት ጊዜ አይተው «ጨዋ ልጅ» ብለው አልፈውታል።

ሳኖባር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ደረቅ ዳቦ አየች። የሆሲያት አባት ኤርጋሽ ለሥራ ሩሲያ ሲሄድ፣ በአገሩ ልማድ መንገደኛ ሁሉ እንደሚያደርገው አንዴ ነክሶ፣ ተመልሶ እስኪጨርሰው የተወው ነው።

«አባባ፣ ኤርጋሽ ይህን በምን ጥርሱ ነከሰው?»

አባባ ቀና አሉ። ጠርዙ ተቦጭቋል እንጂ አልተነከሰም። ያ ጠዋት ትዝ አላቸው፤ ልጃቸው በፊት ጥርሱ ሞክሮ አቃተው፤ በሸኚው ሁሉ ፊት አፍሮ ፊቱን አዙሮ በጎን ቦጨቀው። እሳቸውም ልጃቸውን ከሐፍረት ሊያድኑ «ዳቦው ጠንክሮብኝ ነው» ብለው ዋሹ። የአርባ ዓመት ጋጋሪ የገዛ ዳቦውን አማ!

«እሱስ... አሁን አይታከምም?»

«ይታከማል፤ ግን ምናልባት በቀዶ ጥገና።» ሳኖባር ሊጡ ሳይጋገር መሃሉን የሚወጉበትን ማተሚያ አነሳች። «ይህን ከተጋገረ በኋላ ቢያትሙበትስ?»

«ይሰነጠቃላ! የትኛው ጅል ነው ተጋግሮ እስኪ...» ዓይናቸው የሆሲያት አገጭ ላይ አረፈ።

ማተሚያውን ከሳኖባር እጅ ተቀብለው «ትድናለች ብለሽ ትምያለሽ?» አሉ።

«አልምልም አባባ። እድገቷ እስኪያበቃ መከታተል አለብን። ግን በፊት ጥርሷ እንድትነክስ፣ ጥርሶቿም እየተፋጩ እንዳያልቁ፣ ከቀዶ ጥገናም እንድትተርፍ ትልቁ ዕድሏ አሁን ነው።»

አባባ ዱቄታቸውን አራግፈው የሆሲያትን እጅ ያዙ። «በይ ምሪን።»

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሆሲያት ለበጋ ካምፕ ልትሄድ ስትል ዳቦ ዘረጉላት። ፊቷን ሳታዞር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከፊት ለፊት ነከሰችው። አባባ የግማሽ ጨረቃ ምልክቱን ዳሰሱት፤ ከአባቷ ዳቦ ጎን ሰቀሉት።

ዛሬ እዚያ ሱቅ ልጅ ይዞ የሄደ ሰው ዳቦውን ቶሎ አያገኝም። «እስቲ መጀመሪያ ይነክስልኝ» ይላሉ ሽማግሌው። «ሰባት ዓመት ሞልቶታል? አጥንቱ ሳይጠነክር ለሐኪም ያሳዩት!» ምክሩ ምርቃት ነው።