ሐይቅ ዳር ቆመን የበረሃዋን ከተማ ሰው ስንቆጥር

ዓሣ የያዘ ሰው መንገድ ላይ አይቆምም፤ ፀሐይና ድመት አይጠብቁትም። እኔ ግን ባለፈው ጥቅምት መረቤን ከሐይቁ አውጥቼ ወደ ገበያ ስወጣ፣ በአባ ኑርዬ የቁልቋል አጥር ሥር ክርክር ሰማሁና ቆምሁ። ክርክር ሰምቶ ማለፍን እስከ ሰባተኛ ክፍል አላስተማሩኝም፤ ከሰባተኛ ወዲያ ደግሞ እኔም አልነበርሁ።

አባ ኑርዬ የመንደራችን ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸው ጤፍ ሳይዘሩ የሚዘራ፣ እሳቸው ሳያጭዱ የሚያጭድ የለም። ፊት ለፊታቸው የቆመችው ሰሚሃ ትባላለች፤ የውጫሌ ልጅ ናት፣ የውኃ ሥራ ተምራ ሁለት ዓመት በረሃ ሠርታ በቅርቡ ወደኛ የተዛወረች። በእጇ የቤተሰብ መመዝገቢያ ቅጽ ይዛለች።

«ወንዱ! አሏህ ነው ያመጣህ» አሉኝ አባ ኑርዬ። «ያን የበረሃ ከተማ ጉድ ለዚች ልጅ ንገራት እስቲ። እኔ ብነግራት አላምን አለች።»

ዓሣው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ባቲን አልፌ፣ ሚሌን አልፌ፣ አንዲት ትንሽ የበረሃ ከተማ አራት ወር የቀን ሥራ ሠርቻለሁ። ስሟን ልተወው፤ ሰዎቿ ደጎች ናቸው፣ እንዳይቀየሙኝ። ስመለስ «ድንጋይ ተሸክሜ መጣሁ» ማለት አፈርሁ። ስለዚህ እዚያ ፍየል ስትታለብ የፈላ ወተት ነው የምትሰጥ አልሁ። ጥላዬ እንዳይቀልጥ እያጠፍሁ በኪሴ እይዝ ነበር አልሁ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ፣ ሳቁ ሲቀዘቅዝብኝ፣ «ቆጣሪዎች መጥተው የከተማዋን ሰው ቆጠሩ፤ በሳምንቱ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ ከየቤቱ አንዳንድ ሰው ይዞ ሄደ» አልሁ። ከዚያ ሁሉ ወሬዬ አባ ኑርዬ ያመኑት ይቺን ብቻ ነው።

«ቅጹ ዛሬ ማታ ሐይቅ ከተማ ይገባል» አለችኝ ሰሚሃ። «ከሦስት መቶ ሃምሳ ሰው በላይ ያለው መንደር የራሱ ቦኖ ይሠራለታል። ያነሰው ከላይኛው መንደር ጋር ይጋራል። አባ ኑርዬ ካልተቆጠሩ ቁጥሩ አይሞላም፤ ሦስት ቤት ደግሞ እሳቸውን አይቶ እምቢ ብሏል። ላይኛው መንደር ድረስ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው ማን ነው? አንተ?»

«ምን ቦኖ ቦኖ ትያለሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉ አባ ኑርዬ። «ይኸን የሚያህል ሐይቅ አፍንጫችን ሥር ተኝቶ፣ ውኃ በቁጥር የሚታደል እንደ በረሃ?»

«ሐይቁ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ አሁን አሁን ባጃጅም ይታጠብበታል። የልጅዎ ልጅ ዘንድሮ ስንት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደ?»

«ሁለቴ ብቻ።»

«ሦስቴ!» አለች ምራታቸው ፈዲላ ከቤት ውስጥ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉ፤ ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ይሁን ሦስቴ። እህልም ከብትም ስንት ነው አይባልም፤ እንኳን ልጅ። አባቶቻችን ‹አሏህ የሰጠን ያህል› ነበር የሚሉ። አንተ ወንዱ፣ ንገራት እንጂ! ምነው አፍህን ዓሣው ዋጠው?»

እዚህ ላይ አንባቢዬ ይታዘበኝ። ውሸት ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ያመነው ሰው ፊት ቆሞ መልሶ መዋጥ ግን አጥንት አለበት።

«አባ፣ አውሎ ነፋሱ…» አልሁ። «አቧራ ነበር። ሰው አልወሰደም። የኔን ቆብ ብቻ ነው የወሰደው።»

አባ ኑርዬ ከዘራቸውን ወደኔ ቀሰሩ። «ፍየሏስ?»

«ወተቱ ለብ ያለ ነበር።»

«መዘዘኛ!» አሉ፤ ሰሚሃ ሳቋን በቅጹ ሸፈነች።

«ግን አንድ ነገር እውነቱን ነው» አለች ቀጥላ። «እኔም የሠራሁት እዚያችው ከተማ ነው፤ ቆጠራ ሰው ጎድቶባታል። ላስረዳዎት?»

ተቀመጡና እሷም ድንጋይ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ከተማዋ እንደ መቀነት ናት፤ አስፋልቱን ተከትላ ረዘመች እንጂ አልሰፋችም። ባንድ ወገን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ባንድ ወገን ጨው የሚመስል ነጭ አፈር። ጥላ የሚጥል ተራራ የለም። ዝናብ ሲመጣ እንደ እንግዳ ነው፣ ቡና ሳይፈላለት ይሄዳል። አርብቶ አደሩ ከግመሉ ጋር ይገባል ይወጣል፤ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ እንደ ወንዱ ያለው የቀን ሠራተኛ ከያለበት ይመጣል። እንግዲህ ስንት ሰው ነው ያለ? ቆጣሪው ሲመጣ እናቶች እንደ አንቱ ልጅ ደበቁ። አሠሪው ‹ይኸ መንገደኛ ነው› እያለ ሠራተኛውን አስቀረ። ስድስት ሺህ ተባለና ጉድጓዱም ታንከሩም ለስድስት ሺህ ተሠራ። እኔ ስደርስ ውኃ የሚጠጣው ከዘጠኝ ሺህ በላይ ነበር።»

«እሺ፤ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሐምሌ ላይ ቧንቧው እስከ ረፋድ ይመጣል፣ ከረፋድ በኋላ አየር ይነፋል። ያልተጻፉት ሦስት ሺህ ሰዎች የተጻፉትን ውኃ ጠጡ። ማንም ሌባ አልነበረም፣ አባ። የተደበቀ ልጅም እንደሌላው ይጠማል። እኔ ነበርሁ ተራ የማስይዝ፤ አንዲት እናት ‹የኔ አራቱ ልጆች ወረቀት ላይ የሉም፣ እኔው ነኝ የደበቅኋቸው› ብላ ባዶ ጀሪካኗን ታቅፋ አልቅሳብኛለች።»

ይህን ስትል እኔም በኔ ጊዜ የነበረውን የውኃ ሰልፍ አስታወስሁ። እዚያ ሳለሁ ካልተጻፉት ሦስት ሺህ አንዱ እኔ ነበርሁ፤ እሷ እስክትናገር ድረስ ግን አስቤው አላውቅም።

አባ ኑርዬ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እሺ። እኔ ደግሞ ያየሁትን ልንገርሽ። ያኔ ጎልማሳ ሳለሁ ቆጣሪ መጣ። ልጆችህ ስንት ናቸው አለኝ። ሰባት አልሁ፤ በዚህ አፌ። ክረምቱ ሳይወጣ አምስት ሆኑ።»

ከእንግዲህ ቀልድ አልቀረኝም። አባ ኑርዬን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ፤ ይህን ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰሚሃም አልቸኮለችም።

«አሏህ ይማራቸው። ምን ታመው ነበር?»

«ኩፍኝ።»

«ያን ክረምት መንደሩ ውስጥ ልጆቹን ያላስቆጠረ ሰው ነበር?»

«ነበር። የጎረቤታችን የታረቀኝ አባት ጫካ ልኮ ደበቃቸው። ብልህ ነው ብዬ ቀናሁበት።»

«የእሱስ ልጆች?»

አባ ኑርዬ ወደ ሐይቁ ዞሩ። ባንድ ታንኳ አንድ ሰው ይቀዝፍ ነበር፤ እሱን በዓይናቸው ሸኙት።

«ሦስት ቀበረ» አሉ። «መቃብሩን አብሬው ቆፍሬያለሁ። አብሬው እየቆፈርሁ እንኳ ይኸን አላሰብሁትም።»

«ኩፍኝ ቆጣሪን አይጠይቅም፣ አባ። ክትባቱ ግን ይጠይቃል። ለዚህ መንደር ስንት ብልቃጥ ይላክ ሲባል ወረቀት ነው የሚታይ። ትምህርት ቤቱ ስንት መቀመጫ፣ ጤና ጣቢያው ስንት አልጋ፣ ቦኖው ስንት ቧንቧ ይኑረው ሲባልም ያው ነው። ያሳነሱት ቁጥር ተመልሶ የልጆቹን ድርሻ ነው የሚያሳንስ።»

«ዓይን ቢያርፍባቸውስ?»

«ዱዓ ያድርጉላቸው፤ ዱዓና ወረቀት አይጣሉም። አንዱ አንዱን ይተካል ብዬ አልመጣሁ።»

አባ ኑርዬ «ቢስሚላህ» አሉና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ኡበይድን፣ ፈዲላን፣ መስኡዳን፣ ዑምኩልሱምን… እያንዳንዱን ስም ከጠሩ በኋላ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሰሚሃም ዱዓው እስኪያልቅ ብዕሯን አንሥታ ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ምዝገባ የትም አላየሁም፤ ለአሥራ አንድ ሰው ዓሣዬ እስኪሸት ቆየን።

«አለቀ?» አለች።

አባ ኑርዬ ወደ ቤቱ አዩ። ፈዲላ በሩ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋ ውስጥ የሆነ ነገር ተጠቅልሏል። መንደሩ ሁሉ ፈዲላ አሞአት ተኝታለች ነበር የሚለው፤ እኔ ወሬኛው እንኳ አልሰማሁም።

«አንድ አለች» አሉ አባ ኑርዬ። «አራት ቀኗ ነው። ለማንም አልተናገርንም። ስሟም ገና ነው።»

የሰሚሃ ብዕር ቆመ። «ታዲያ የስም ቦታው ላይ ምን ልጻፍ?»

«ሰው ብለሽ ጻፊያት» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው፣ ሁለታችንን ከኋላ አስከትለው፣ እሳቸውን አይቶ እምቢ ወዳለው ወደ ታረቀኝ ቤት መንገድ ጀመሩ።