ቢራ የተከለከለው ተመራቂ

ከመሳለሚያ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው የመጠጥ ዕድሜ ከሃያ አንድ ወደ አሥራ ስምንት ዝቅ ይበል ወይ እያለ አድማጭ ያወያያል። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት አጠገባቸው ወዳሉት ሴትዮ ዞር አሉ።

«አሥራ ስምንት ይበቃል። ይመርጣል፣ ያገባል፣ ቢራ ግን አትቅመስ ይባላል?»

«ልክ ነዎት ጋሼ። እኔ ግሮሰሪ አለኝ፤ ሕጉ ከወጣ ወዲህ ገበያዬ ቀዝቅዟል።»

«ታዲያስ!»

«ባለፈው ልጄ የተመረቀ ዕለት ጓደኞቹን ሰብስቦ መጣልኝ። ‹እማዬ፣ ቢራ አውርጂልን› አለኝ። ገና ሃያ ዓመቱ ነው።»

«ለራስዎ ልጅማ ሰጡት!»

«ከለከልኩት።»

«በምርቃቱ ቀን? በጓደኞቹ ፊት?»

«የሰው ልጅ ስከለክል ከርሜ ለራሴ ልጅ ልክፈት? ፊቱ ቅጭም አለና ተነስቶ ወጣ። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።»

«አዪ! አኩርፎ ቀረ?»

«የለም። በር ላይ አንዱ ጓደኛው ‹ሌላ ቤት እንሂድ፣ እዚያ መታወቂያ አይጠይቁንም› ሲለው ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ልጄ ምን ቢለው ጥሩ ነው?»

«ምን አለው?»

«‹ደስታዬን የማከብረው እናቴ ቤት ነው፤ እዚህ ደግሞ የእሷ ቃል ነው የሚከበረው።› ሁሉንም መልሶ አስገብቶ ለስላሳ አዘዘላቸው።»

«እሰይ! ወልደዋል እትዬ!»

«ሕጉ ነገ ቢለወጥ ደስታዬ ነው ጋሼ። የመጀመሪያውን ቢራ ግን የምከፍትለት እኔው ነኝ።»

እኔ ከኋላ ሆኜ የሴትዮዋን ፊት ለማየት ወደ ሾፌሩ መስታወት አንገቴን አሰገግሁ።