ለአውቶቡስ የሚላኩ ሽማግሎች

እስራኤል ውስጥ ከፔታ ቲክቫ ከተማ ወደ መንደራችን መገንጠያ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ሽማግሌ ያወሩ ነበር።

«ጠዋት ጠዋት ከመንደር እስከ መገንጠያው በጭቃ ነው የምሄደው፣ አባባ። ሰጉላ ሰፈር ያለው ፋብሪካ የምደርሰው አርፍጄ ነው። አለቃዬ ዛሬ ‹አንድ ቀን ብትደግሚ እንዳትመጪ› አለኝ።»

«አውቶቡሱ መንደር ይግባልን ብላችሁ አልጠየቃችሁም?»

«የአውቶቡስ ድርጅቱን ጠይቀናል። ‹ይታያል› ይላሉ። ሰዉ በየጊዜው ይጨምራል፣ እነሱ ግን ‹ይታያል› ነው።»

«እንግዲያው ሽማግሌ እንልካለን።»

«ውይ አባባ! አውቶቡስ ልናጭ ነው?»

«ሳቂ አንቺ። አራት ሆነን ነገ ቢሮአቸው እንገባለን። ‹ተቀመጡ› ይሉናል፤ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

«እዚህ አገር እኮ ሽማግሌ ለምን እንደሚቆም አያውቁም።»

«አራት ሽማግሌ ፊታቸው ቆሞ ሲውል መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ አንቺ በዕብራይስጥ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እኔ? ሴት ከሽማግሌ ጋር ተልካ ታውቃለች?»

«በእኛ ዘመን አልነበረም። ጭቃውን የምትረግጪው ግን አንቺ ነሽ።»

«ነገ ከሥራ ብቀር ያባርሩኛል።»

«ማን ቅሪ አለሽ? ሥራሽን ጨርሰሽ ነይ። እኛ ቆመን እንጠብቅሻለን።»

«ጉልበትዎስ?»

«ሱዳን ድረስ በእግሩ የሄደ ጉልበት ቢሮ መቆም ያቅተዋል?»



«በሰደር፣ እሺ አባባ። እመጣለሁ።»

መገንጠያው ላይ ወርደን በጭቃው ስንሄድ፣ ከአራቱ ሽማግሎች አንዱ ባለቤቴ ቢሆን ብዬ፣ ጋቢው ዛሬ ቢታጠብ ለነገ ይደርቅ እንደሆነ አሰብኩ።