የወገብ ገመድ

ጋሽ ሐምዱ ወንዝ ፈሪ ናቸው ብሎ ሞጣ ገበያ ላይ የሚያወራ ሰው ቢገኝ፣ የሚያምነው ቀርቶ የሚሰማው አያገኝም። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው እህል በእሳቸው የሞተር ጀልባ እየተሻገረ፣ እንዴት ተብሎ! እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ ይፈሩታል። ወደ ወንዙ በሚወርዱበት ቀን ቁርስ አይወርድላቸውም። ይህን ባለቤታቸው ሀሲና እንኳ አታውቅም።

ያን የጥቅምት ጠዋት ደግሞ ፍርሃቱ ብሶባቸው ነበር። ጀልባዋ ወደ ውሃ ስትወርድ ገመዷን ወገቡ ላይ ታጥቆ የሚይዛት አንድ ሰው አለ። እስከዚያ ቀን እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ግን ጉልበታቸው ከዳቸውና ተራው የልጃቸው የአብዱራዛቅ ሆነ። አብዱራዛቅ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ካገባ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ጀልባዋን የጫነውን ተሳቢ በፒክአፕ እየጎተቱ ከከተማው ሊወጡ ሲሉ የተቃጠለ ቅባት ሸተታቸውና ጎሚስታው በር ላይ ቆሙ። እዚያው አንዲት ወጣት የክትባት ሳጥኗን እግሯ ሥር አድርጋ መኪና ትጠብቃለች። ስሟ መክሊት ነው። ባሕር ዳር ተወልዳ ቢቸና የተመደበች የጤና ባለሙያ ናት፤ ለክትባት ዘመቻ በትውስት መጥታ ወደ ማዶ ልትሻገር ነው። ወደ ተሳቢው ጠጋ አለችና መዳፏን ሳታስነካ ወደ ጎማው አስጠግታ ሙቀቱን ለካች።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይቺ የጎማው ኩሽኔታ እንዲህ እንደጋለች ውሃ ውስጥ እንዳትገባ። የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ውሃውን ወደ ውስጡ ይስባል። ቅባቱ ይታጠባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ጎማው ተነቅሎ ይሄዳል።»

«አንቺ ደግሞ ጎሚስታ ነሽ?» አሉ ጋሽ ሐምዱ።

«የጀልባ ሰው ልጅ ነኝ። አባቴ ጣና ላይ ሠላሳ ዓመት ጀልባ ሲያወርድና ሲያወጣ ነው ያሳደገኝ።»

«ዳገቱ ላይ ከተሰበረ ይጠገናል ልጄ። እኔ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው» አሉና ወዲያው ደነገጡ። እፈራለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ነበር። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ቅባት አስጨመሩ፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ቆዩ፣ ከዚያም ከእሳቸውና ከአብዱራዛቅ ጎን አስቀመጧትና ወደ ቆላው ወረዱ።

መንገድ ላይ መክሊት ጠየቀች፤ «ጋሽ ሐምዱ፣ ጀልባዋን እንዴት ነው የሚያወርዷት?»

እሳቸውም እንደ አዋቂ ዘርዝረው ነገሯት። የመንገድ ሠራተኞች ሠርተውት የሄዱት የሲሚንቶ ቁልቁለት አለ። አፉ ላይ ሲደርሱ፣ ጀልባዋ ፈጠን ብላ እንድትገባ ከተሳቢው ጋር ያያያዛት ማሰሪያ ሁሉ ይፈታል። እግራቸው እንዳይረጥብ ተሳፋሪዎቹ ከላይ ይሳፈራሉ። አንድ ጎበዝ ገመዷን ወገቡ ላይ ታጥቆ ከጎን ይቆማል። ከዚያ መኪናው ወደ ኋላ ይነዳል።

«ጀልባዋ ከነሞተሯ ስንት ኩንታል ትሆናለች?»

«ስድስት አያንሳትም።»

«አብዱራዛቅስ?»

«ከሠርጉ ወዲህ ስድሳ ኪሎ ቢሆን ነው» ብሎ አብዱራዛቅ ራሱ ሳቀ።

«ታዲያ ስድሳ ኪሎ ስድስት መቶ ኪሎን እንዴት አድርጎ ይይዛል?»

«በእጅ ሲይዙት ነዋ የማይቻለው!» አሉ ጋሽ ሐምዱ። «ወገብ ላይ ሲታጠቁት ኃይል ይጨምራል።»

«ኃይል አይጨምርም አባቴ። መልቀቅን ብቻ ነው የሚከለክለው።»

«የተፈለገውም እሱ ነው!» ብለው ጮኹ። «የተፈለገውም እሱ ነው። እኔ ለቅቄ ያየሁትን አይቻለሁ።»

አብዱራዛቅ አንገቱን ደፋ፤ የሚመጣውን ያውቀዋል።

«ወንድም ነበረኝ፣ ሙሐመድሸሪፍ የሚባል» አሉ ዝግ ብለው። «ነገሩ ከሆነ ዛሬ አሥራ አንድ ዓመቱ። እዚያው ቁልቁለት ላይ አንዱን ገመድ ሁለት ሆነን ይዘን ጀልባዋ ሾለከች። እኔ ለቀቅሁ። እሱ ከጀልባዋ ጋር ሄደ። አገሩ ሁሉ ሐምዱ ለቀቀው ይላል፣ እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ በእኔ ጀልባ ገመድ የሚይዝ ሁሉ ታጥቆ ነው የሚይዘው፤ ማንም እንዳይለቅ።»

መክሊት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አላህ ይማራቸው» አለች። «ጋሽ ሐምዱ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ያን ቀን ገመዱ ማን ወገብ ላይ ነበር?»

ጋሽ ሐምዱ ማርሽ ቀየሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ፍርሃት ሰውን ያስጠነቅቃል ይባላል፤ ልክ ነው። ግን ሳይመረመር የቀረ ፍርሃት ክፉ መምህር ነው። ሰውዬው ከአደጋው ትምህርት የወሰዱ መስሏቸው ራሱን አደጋውን ሥርዓት አድርገው ሲያስተምሩ ኖሩ። እኛም ቤት ይህን የመሰለ ስንት አለ!

መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ እዚያ ሲጠብቁ የነበሩት ተሳፋሪዎች እንደ ልማዳቸው ተሳቢው ላይ ዘልለው ጀልባዋ ውስጥ ገቡ። ወንዙ ገና ከክረምቱ አልጎደለም፤ ደፍርሶ፣ እያጉረመረመ ያልፋል። የቁልቁለቱ ጫፍ አረንጓዴ አልጌ ለብሶ ያሟልጫል።

«እነዚህን እንኳ ያውርዱልኝ» አለች መክሊት። «ተሳቢው ቢገለበጥ ሁሉም ከሥር ነው የሚሆኑት። እግር ቢረጥብ ይደርቃል።»

«ውረዱ!» አሉ ጋሽ ሐምዱ ተሳፋሪዎቹን። «የሐኪሟን ቃል አክብሩ። ገመዱ ግን እንዳለ ነው፤ እሱን አትንኪብኝ።»

ተሳፋሪዎቹ እያጉተመተሙ ወረዱ። አብዱራዛቅ ማሰሪያዎቹን ፈታ፣ የጀልባዋን አፍንጫ የያዘውን መንጠቆም አላቀቀ። ከዚያ ገመዱን ሁለት ዙር ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ቋጠረና ከተሳቢው ጎን ቆመ። አባቱ ያስተማሩት ቋጠሮ ነው።

ጋሽ ሐምዱ «ቢስሚላህ» ብለው ወደ ኋላ መንዳት ጀመሩ። በጎን መስታወት ልጃቸውን ያያሉ። እግሩን አንፈራጥጦ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ። ያ አላህ! ቁርጥ ሙሐመድሸሪፍ። ልክ እንዲህ ነበር የቆመው። ያኔ ነው የልጅቷ ጥያቄ ተመልሶ የመጣው። ማን ወገብ ላይ ነበር? እሱ ወገብ ላይ ነዋ። እኔማ በእጄ ነበር የያዝኩት። የታሰረው ሞተ፣ ያልታሰረው ይኸው መሪ ይዞ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን አውቀውት ነበር፤ አስበውት ግን አያውቁም።

ፍሬን ረገጡ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስበው ከመኪናው ወረዱ።

«ፍታ!» አሉ። «ፍታው! አብዱራዛቅ፣ ፍታው!»

«ምን ሆንክ አባ?»

መኪናው ሲቆም ያልታሰረችው ጀልባ ተንገጫገጨች፣ ከዚያም በተሳቢው ላይ ቀስ ብላ መሄድ ጀመረች። መክሊት መንጠቆውን ልትመልስ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ጀልባዋ መንቀሳቀሷን ስታይ እጇን ሰብስባ «ሽሹ!» እያለች ሰዉን ወደ ኋላ ገፋች። ጋሽ ሐምዱ ያ የከዳቸው ጉልበት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ልጃቸው ላይ ደርሰው ቋጠሮውን ያዙ። ቋጠሮው አልፈታ አለ። ገመዱ መወጠር ጀመረ፤ የአብዱራዛቅ እግር በአረንጓዴው ላይ አንድ ክንድ ተንሸራተተ። ጩቤያቸውን መዘዙ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ገመዱ ተበጠሰ።

ጀልባዋ ውሃው ውስጥ ዘላ ገባች። የገመዱ ጫፍ ሲሚንቶውን እየገረፈ ተከተላት። ወንዙ አዞራትና ይዟት ሄደ።

«አባ፣ ጀልባችን!»

«ትሂድ!» አሉ ጋሽ ሐምዱ። «ትሂድ እሷ! አልሐምዱሊላህ!» ልጃቸውን እንዳቀፉ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። አብዱራዛቅ ወገቡ ላይ የቀረውን የገመድ ቁራጭ ሲዳስስ አሁን ነው ፍርሃቱ የመጣበት።

ጀልባዋ ከታች ካለው መታጠፊያ ጠጠር ላይ ተቀርቅራ ተገኘች። ሰዉ ሁሉ ተባብሮ ከዳር ሆኖ በረጅም ገመድ እየጎተተ ወደ ቁልቁለቱ መለሳት። ሞተሯ ድንጋይ ነክቶት ስለነበረ መጀመሪያ ወጥታ መታየት አለባት።

«በይ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ሐምዱ። «እንዴት እንደምትወጣ አንቺ ንገሪን። እኔ ዛሬ ተማሪ ነኝ።»

መክሊትም አዘዘች። በመጀመሪያ አረንጓዴው በመጥረጊያና በአሸዋ ተፈተገ። አንድ ሰው ብቻ፣ ሹፌሩ በመስታወት በሚያየው በኩል፣ እንዲያመለክት ተመረጠ። ሌላው ሰው ከተሳቢው ኋላ ራቀ። ጋሽ ሐምዱ፣ ምናልባት መኪናው ውሃ ቢገባ ቶሎ እንዲወጡ፣ መስኮታቸውን ከፍተው፣ የደህንነት ቀበቶአቸውን ፈትተው፣ ዝግ ብለው ወደ ኋላ ነዱ፤ የተሳቢው ጎማ ውሃ ገባ፣ የመኪናው ግን ደረቁ ላይ ቀረ። ማርሽ ውስጥ ትተው የእጅ ፍሬን ያዙ፤ መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማዎቹ ሥር ታኮ ተደረገ። ጀልባዋ በእጅ በተያዘ ገመድ ተሳቢው ላይ ተመራች፣ አፍንጫዋ ላይ መንጠቆው ገባ፣ መንጠቆው የታሰረበት የብረት ገመድ፣ ካቦው፣ በእጀታው ተጠቀለለ።

«ካቦው ፊት ለፊት ማንም አይቁም» አለች። «ቢበጠስ እንደ ጅራፍ ነው የሚመታው። ገመድ የያዛችሁም በእጃችሁ ብቻ ያዙ፤ ከከበዳችሁ ልቀቁ። መልቀቅ ነውር አይደለም።»

ይህን ስትል ጋሽ ሐምዱ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ሰው እንዳያያቸው ነው።

ሞተሩ ተፈትሾ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ዳግም ከመውረዷ በፊት የጀልባዋ የታችኛዋ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ መደፈኗ ታየ፤ ሌላው ማሰሪያ ከላይ ቢፈታም መንጠቆው ውሃው እስኪያነሳት ድረስ ሳይነካ ቆየ። ጀልባዋም ያለ አንድ ጩኸት ተንሳፈፈች። ተሳፋሪዎቹ ከዳር ተሳፈሩ፣ ክትባቱ በረዶው ሳይቀልጥ ማዶ ደረሰ።

የተለወጠው ነገር ይህን ያህል ነው፦ ጥቂት ጥድፊያ ቀርቷል፣ አንድ ታኮ ተጨምሯል፣ አንድ መንጠቆ ዘግይቶ ተፈትቷል። ትርፉ ግን አብዱራዛቅ ነው። ለጥንቃቄ ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ካለ፣ ያን የገመድ ቁራጭ ሄዶ ይይ፤ ዛሬም ፒክአፑ ውስጥ ተሰቅሏል። ጋሽ ሐምዱ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያሳዩት።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ሞጣ እንደተመለሱ ወደ ቤታቸው አልገቡም። ወደ ወንድማቸው ሚስት ወደ ዑሙሰልማ ቤት ሄዱ። ከወንዙ ይልቅ የሚፈሩት ይህን ደጃፍ ነበር። ተቀምጠው የሆነውን ሁሉ ነገሯት።

«ቋጠሮው አልፈታ አለኝ ዑሙሰልማ» አሉ በመጨረሻ።

«አውቀዋለሁ» አለች። «አስከሬኑ ለትጥበት ሲዘጋጅ ከወገቡ የፈታሁት እኔ ነኝ። ጥፍሬ እስኪላጥ ነው የታገልኩት። ሰዉ ሐምዱ ለቀቀው ሲል፣ እኔ ያልለቀቀው ገመዱ ነው እል ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ልንገርዎ ጋሼ? የእሱ ስም ሲነሣ እኮ ተነሥተው ይወጡ ነበር።»

ያን ምሽት ግን ጋሽ ሐምዱ አልተነሡም። ስለ ሙሐመድሸሪፍ እየጠየቋት፣ እሷም እየመለሰችላቸው፣ አብረው አመሹ።